የአንባቢያን ጥያቄ፦ በዝርያ የሚታገዱ ውሾችና የንክሻ አኃዝ

በዚህ ዕትም መልስ የምሰጥባቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከለንደን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአዲስ አበባ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም ጭንቀታቸው ተቀራራቢ በመሆኑ አብሬ አቅርቤያቸዋለሁ። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። የምኖረው ለንደን ሲሆን የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ላይ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ውሻ የሚያሳድግ ጎረቤት አለን። ውሻው ፈቃድ አለው፣ ሲወጣም አፉ ይታሰራል፤ ሆኖም ልጄን ይዤ ደረጃውን በወረድኩ ቁጥር ልቤ ይመታል። ሰሞኑን አንድ የእንስሳት ሐኪም በቴሌቪዥን ቀርቦ ዝርያን ማገድ ጥቅም የለውም ሲል ሰማሁ። እነዚህ ውሾች ሰው እንደሚገድሉ በአኃዝ ተረጋግጦ ሳለ ባለሙያዎቹ የሚሟገቱላቸው ለምንድን ነው? የልጅ ሕይወት ከውሻ ያንሳልን?
አንዲት እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ፍርሃትዎን እንደ ስሕተት አልቆጥረውም። ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችልን ውሻ በጠባብ ደረጃ ላይ ሕፃን ይዞ የሚገጥም ሰው ቢፈራ የሚያስወቅሰው ነገር የለም፤ የልጅ ሕይወትም ከማንኛውም ውሻ እንደሚበልጥ በእኔና በእርስዎ መካከል ልዩነት የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እርሱም የዝርያ ስም የተዘረዘረበት ሕግ ልጅዎን በእርግጥ ይጠብቃታል ወይ የሚለው ነው።

እርስዎ የሚኖሩበት አገር የአደገኛ ውሾችን ሕግ ያወጣው በ1991 ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በብራድፎርድ ከተማ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ፒት ቡል በሚባል ጡንቻማ የውሻ ዓይነት ክፉኛ በመነከሷ ሕዝቡ ተቆጣ፤ የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ኬኔት ቤከርም ሕጉን በጥቂት ወራት ውስጥ አስጸደቁ። ፒት ቡል ቴሪየር፣ የጃፓኑ ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖና ፊላ ብራዚሌሮ ታገዱ። በ1997 በተደረገው ማሻሻያ ፍርድ ቤቶች አደጋ የማያስከትል ነው ብለው ያመኑበትን ውሻ በጥብቅ ግዴታ እንዲኖር የመፍቀድ ሥልጣን አገኙ። ኤክስኤል ቡሊ በዝርዝሩ ውስጥ የገባው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ማራባትና መሸጥ ተከለከለ፣ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ሆነ።

ለዚህ እርምጃ ምክንያት የሆነው ነገር ፈጠራ አልነበረም። በ2022 እና በ2023 በውሻ ጥቃት የሞቱ ሰዎች ቁጥር ከቀደሙት ዓመታት በእጅጉ ከፍ ብሏል፤ ከጥቃቶቹም ብዙዎቹ ከዚህ ዓይነት ውሻ ጋር ተያይዘዋል። እገዳን የሚቃወሙ ወገኖች ይህን አሳንሰው ሲናገሩ ስሰማ አዝናለሁ፤ ልጁን የቀበረ ወላጅ ፊት ቆመው ሊደግሙት የማይችሉትን ክርክር በአደባባይም ባያቀርቡት ይሻላል። የሳን አንቶንዮ፣ ቴክሳስ የአደጋ ሐኪሞች በ2011 ባወጡት ጥናትም በፒት ቡል ዓይነት ውሾች የተነከሱ ታካሚዎች ጉዳት በሌሎች ውሾች ከተነከሱት የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ጠንካራ መንጋጋ ያለው ትልቅ ውሻ ሲነክስ ከትንሽ ውሻ የበለጠ ይጎዳል፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ነገር ግን አንድ ውሻ በነከሰ ጊዜ የሚያደርሰው ጉዳትና ውሻው የመንከስ ዕድሉ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ሁለተኛው ለመናገር በትምህርት ቤት የተማርነውን ክፍልፋይ ማስታወስ ይገባል፤ ላዕሉ የነከሱት ውሾች ብዛት ሲሆን ታህቱ ደግሞ በአካባቢው የሚኖሩት የዚያ ዝርያ ውሾች በሙሉ ናቸው። ጋዜጦች የሚያወጡት ላዕሉን ብቻ ነው። ታህቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ በብሪታንያ ስንት ኤክስኤል ቡሊ እንዳለ ግልጽ መሆን የጀመረው እገዳው ባለቤቶችን እንዲያስመዘግቡ ካስገደደ በኋላ ሲሆን ፈቃድ ያገኙት ከ50 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። አሥር ሺህ ቢሆኑና ሃምሳ ሺህ ቢሆኑ የእያንዳንዱ ውሻ አደገኛነት በአምስት እጥፍ እንደሚለያይ ልብ ይበሉ።

በዚህ ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው አኃዝ የመጣው ከአሜሪካ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ከ1979 እስከ 1998 በውሻ ንክሻ የሞቱ 238 ሰዎችን ጉዳይ መርምረው ውጤቱን በ2000 አሳተሙ። ቢያንስ 25 ዝርያዎች በጥቃቶቹ ተሳትፈዋል፤ ከሞቶቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ደግሞ ከፒት ቡል ዓይነትና ከሮትዋይለር ጋር የተያያዙ ነበሩ። ይህ አኃዝ ከከተማ ምክር ቤት ወደ ከተማ ምክር ቤት ሲዞር ኖሯል፤ አብሮት ያልዞረው ግን የአጥኚዎቹ የራሳቸው ማስጠንቀቂያ ነው። የየዝርያው ብዛት ስለማይታወቅና የዝርያ አለያየቱም አስተማማኝ ስላልሆነ፣ አኃዙ በዝርያ ላይ ለተመሠረተ ሕግ መነሻ መሆን እንደሌለበት በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አስረድተዋል። አንድ ጥናት ጸሐፊዎቹ ለከለከሉት ዓላማ ለሃያ ዓመታት ሲያገለግል ማየት ለእኔ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

እገዳው ከወጣ በኋላ የታየው ውጤትስ? ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ብቻ አያጋድልም፣ ሁለቱንም ልንገርዎት። በእንግሊዝ በውሻ ንክሻ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች በ1998 ከ100,000 ነዋሪዎች 6.34 ነበሩ፤ በ2018 ደግሞ 14.99 ሆነዋል። ይህ የሆነው ሕጉ በሥራ ላይ እያለ ሲሆን ጭማሪው የታየው በአዋቂዎች ላይ ነው፤ የሕፃናቱ መጠን ብዙም አልተለወጠም። የሆስፒታል መዝገብ የነከሰውን ውሻ ዝርያ ስለማይመዘግብ ይህ ብቻውን ሕጉን ከንቱ አያደርገውም፤ የንክሻን ቁጥር ይቀንሳል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ግን ተስፋው አልተፈጸመም። ኔዘርላንድስ ፒት ቡልን በ1993 አግዳ በ2008 እገዳውን ለማንሣት ወሰነች። ዴንማርክ በ2010 አሥራ ሦስት ዝርያዎችን ካገደች በኋላ በኦደንሴ ከተማ ሆስፒታል መረጃ ላይ የተደረገ ጥናት የንክሻ ጉዳት በእገዳው ምክንያት ስለ መቀነሱ ምልክት አላገኘም። በሌላ በኩል በስፔን ካታሎኒያ ሕጉ ከተጠናከረ በኋላ ሆስፒታል የሚተኙት ቁጥር ከ100,000 ሰው ከ1.80 ወደ 1.11 ወርዷል፤ በካናዳ ማኒቶባም እገዳ ባወጡ አካባቢዎች መጠነኛ ቅናሽ ተመዝግቧል። የካታሎኒያው ሕግ የዝርያ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የባለቤት ፈቃድን፣ መድንንና በአደባባይ አፍ ማሰርን ያካተተ ስለ ሆነ ቅናሹን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። የእኔ ግምት ወደ ኋለኞቹ ያዘነብላል።

ግምቴ ከምን እንደመጣ ልንገርዎት። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ2000 እስከ 2009 በውሻ የሞቱ 256 ሰዎችን ጉዳይ የመረመረው የጋዜጣ ዜና በመሰብሰብ ሳይሆን መርማሪ ፖሊሶችንና የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኞችን በመጠየቅ ነበር። ከጉዳዮቹ በ87.1 በመቶው ጣልቃ ሊገባ የሚችል አቅም ያለው ሰው በስፍራው አልነበረም፤ በ84.4 በመቶው ውሻው አልመከነም ነበር፤ በ76.2 በመቶው ደግሞ ውሻው ከቤተሰብ ጋር ሳይሆን ተነጥሎ፣ ብዙ ጊዜም ታስሮ ወይም በግቢ ተዘግቶበት የሚኖር ነበር። ከእነዚህ መሰል ምክንያቶች አራትና ከዚያ በላይ የሆኑት በ80.5 በመቶው ሞት ላይ አብረው ተገኝተዋል። የውሻውን ዝርያ በአስተማማኝ ሁኔታ ማወቅ የተቻለው ግን በ17.6 በመቶው ብቻ ነው። እነዚህን አኃዞች ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሟቾች ሕፃናት ነበሩና አንድ አዋቂ አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ በሕይወት ሊተርፉ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ደረጃዎ ልመለስ። ጎረቤትዎ ውሻውን ያስመዘገበ፣ አፉን የሚያስርና በገመድ የሚይዝ ከሆነ ግዴታውን እየፈጸመ ነው፤ ውሻው መምከን፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) ሊኖረውና የሦስተኛ ወገን መድን ሊገባለትም ይገባል። ከዚህ አንዱን ሲያጓድል ካዩ ለፖሊስ ወይም ለአካባቢው ምክር ቤት ማመልከት ይችላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የዚያው የ1991 ሕግ ሦስተኛ አንቀጽ ነው፤ አንቀጹ ዝርያን ሳይለይ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ አደጋ በሚጥል ውሻ ሁሉ ላይ ይሠራል፣ ውሻው ሰውን ባይነክስ እንኳ ሊነክሰኝ ነው ብሎ በምክንያት እንዲሰጋ ማድረጉ ይበቃል። ከ2014 ወዲህም በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን በግል ይዞታ ውስጥም ተፈጻሚ ነው። እንደ እኔ እምነት ከዝርዝሩ ይልቅ ልጅዎን የሚጠብቃት ይህ አንቀጽ ነው።

ልጅዎን ሦስት ነገር ያስተምሯት፤ የማታውቀውን ውሻ ባለቤቱንና እርስዎን ሳትጠይቅ እንዳትነካ፣ የሚበላን ወይም የተኛን ውሻ እንዳታስነሣ፣ ውሻ ሲከተላት እንዳትሮጥና እንዳትጮኽ፣ ይልቁንም እጆቿን ወደ ደረቷ ሰብስባ ቀጥ ብላ እንድትቆም። ይህን በጎረቤትዎ ውሻ ምክንያት ብቻ አልልም። በሥራ ዘመኔ ፊታቸው ተነክሶ ካየኋቸው ሕፃናት ብዙዎቹን የነከሳቸው የአክስታቸው ወይም የአያታቸው ውሻ፣ ማንም የማይጠረጥረው፣ በየትኛውም አገር ዝርዝር ውስጥ የሌለ ውሻ ነበር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንኖራለን። ከሦስት ዓመት በፊት ከመጠለያ የወሰድናት ውሻ አለችን፤ ወረቀቷ ላይ «የፒት ቡል ድቅል» ተብሎ ተጽፏል። እንደ በግ የዋህ ናት። አሁን በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ቤት ለመግዛት ቀብድ ልንከፍል ስንል አንድ ወዳጃችን «እዚያ ውሻችሁን ይወስዱባችኋል» አለን። እውነት ነው? የዘር ምርመራስ አሠርተን ፒት ቡል አለመሆኗን ብናሳይ ያድነናል?
ባልና ሚስት

መልስ፦ ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት መጠየቃችሁ መልካም ነው፤ ከፈረማችሁ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ቢሆን መልሱ ከባድ ይሆን ነበር። የእናንተ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በዝርያ አይከለክልም። አጠገባችሁ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ግን ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ባወጣው ሕግ ከእገዳው በፊት ከተመዘገቡት በቀር ፒት ቡልን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየርን፣ አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየርንና አሜሪካን ፒት ቡል ቴሪየርን የሚጨምር ሲሆን የእነዚህን መልክ በዋናነት የያዘ ድቅልንም ይነካ ነበር። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ብትገቡ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ውሻን በዝርያው ብቻ አደገኛ ብሎ መፈረጅን ይከለክላል። አንዲት ውሻ በአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ሦስት ሕግ ሊጠብቃት ይችላል።

የፕሪንስ ጆርጅስን ሕግ ለመመርመር ካውንቲው ራሱ ያቋቋመው ግብረ ኃይል በ2003 እገዳው እንዲነሣ መክሮ ነበር፤ ምክሩ ግን ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ክርክርም ተነሥቶበታል። ስለዚህ በወዳጅ ቃል፣ በእኔም መልስ ሳትወሰኑ፣ ለካውንቲው የእንስሳት አገልግሎት ክፍል ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርባችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቤቱ በጋራ ማኅበር ሥር ከሆነ የማኅበሩን ደንብ፣ የቤት መድን የሚሰጣችሁንም ኩባንያ ውል አንብቡ፤ ካውንቲው የፈቀደውን ዝርያ የመድን ድርጅት ሊከለክል ይችላልና።

ስለ ዘር ምርመራው የጠየቃችሁት በጉዳዩ እምብርት ላይ የሚያርፍ ጥያቄ ነው። መጠለያው «የፒት ቡል ድቅል» ብሎ የጻፈው ምናልባት አንድ ሠራተኛ ሰፊ ራሷንና አጭር ጠጕሯን አይቶ ነው። በፍሎሪዳ መጠለያዎች በ120 ውሾች ላይ የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት በዘረ መል ምርመራ ከፒት ቡል ወገን ሆነው የተገኙት 25 ብቻ ሲሆኑ፣ ሠራተኞቹ በዓይን አይተው ይህን ስም የሰጧቸው ግን 62 እንደነበሩ አሳይቷል። ሠራተኞቹ ከነዋሪው ይልቅ ውሻ የሚያውቁ ናቸው፤ ተነክሶ በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ለፖሊስ የሚሰጠው የዝርያ ስም ምን ያህል እንደሚታመን ከዚህ መገመት ትችላላችሁ። ቀደም ሲል ለለንደኗ እናት የጠቀስኩት ላዕልም ቢሆን ከዚህ ዓይነት ስም የተሰበሰበ ነው።

ምርመራው ግን ያድናችኋል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። መልክን መሠረት ያደረገ ሕግ የዘር ማስረጃን የመቀበል ግዴታ ላይኖርበት ይችላል፤ ብሪታንያም የምታየው የውሻውን መልክና ልክ እንጂ ዘሩን አይደለም። ውጤቱም ተቃራኒ ሆኖ የፒት ቡል ዘር እንዳላት ቢያረጋግጥ በእጃችሁ ያለው ወረቀት በእናንተው ላይ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ካውንቲው የዘር ምርመራን ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዚያ ወስኑ። በምዝገባ ቅጽ ላይ ሌላ የዝርያ ስም ጽፋችሁ ለማለፍ ግን አትሞክሩ፤ አንድ ቀን ውሻዋ አንድ ሰው ብትቧጭር እንኳ ውሸቱ ከጭረቱ ይብስባችኋል።

«እንደ በግ የዋህ» ያላችሁትን አምናለሁ። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የያዘ ጥናት በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ቢሆንም የዋህነቷን እናንተ ብቻ ስለምታውቁት የውጭ ሰው ምስክርነት ያስፈልጋችኋል፤ የታዛዥነት ሥልጠና አስወስዳችሁ የምስክር ወረቀቱን፣ የማምከኛዋንና የክትባቷን መዝገብ በአንድ ላይ ያዙ። ሕግ ሊለወጥም ይችላል። ዴንቨር በ1989 ያወጣችውን እገዳ ነዋሪዎቿ በኖቬምበር 2020 በድምፃቸው በፈቃድ ሥርዓት ተክተውታል፤ በዚያ ሥርዓት ውሻው ለ36 ወራት ያለ ጥፋት ከቆየ ልዩ ፈቃዱ ይቀርለታል። ማያሚ ዴድ ግን በ2012 ነዋሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው እገዳውን አጽንተው፣ በ2023 በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ሕግ ቀርቷል። እስከዚያው ሕጉ እንደጸና ከተነገራችሁ ቤቱን ተዉት፤ ቤት ሌላ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን የጎረቤታችን ውሻ ባቱ ላይ ነከሰው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው። ጎረቤታችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ውሻዬ የፈረንጅ ውሻ ነው፣ ከግቢ አይወጣም፣ አያብድም» ብለው አረጋጉን። ቤተሰቡም እርሳቸውን ላለማስቀየም ዝም እንድል ይመክረኛል። ምን ላድርግ?
አባት

መልስ፦ ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ በስልክ ስላነጋገርንዎና ልጅዎም ክትባቱን ስለ ጀመረ እግዚአብሔር ይመስገን። መልሱን እዚህ የማትመው በተመሳሳይ ቃል የተረጋጉ ሌሎች ወላጆች ስለሚኖሩ ነው።

የፈረንጅ ውሻና የሐበሻ ውሻ የሚለው ልዩነት ለእብድ ውሻ በሽታ ትርጉም የለውም፤ ቫይረሱ ዝርያ አይመርጥም። ጀርመን ሸፐርድም ይሁን የመንደር ውሻ፣ ካልተከተበ ይያዛል፤ ከግቢ ባይወጣ እንኳ በአጥር ሥር የገባ ሌላ እንስሳ ሊነክሰው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚከሠተው የዚህ በሽታ ሞት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። በአገራችን በየዓመቱ ወደ 2,700 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ ከዚያ በፊት ከተደረሰበት ግን ክትባቱ ያድናል። ለንደንና ሜሪላንድ ስለ ዝርያ የሚከራከሩት የእብድ ውሻን ሥጋት ከመንገዳቸው ስላስወገዱ ነው። ለእኛ ቀዳሚው ጉዳይ የውሻው ስም ሳይሆን የክትባት ደብተሩ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል።

የዝርያ እገዳ ለአዲስ አበባ ይበጃል ወይ ብለው የሚጽፉልኝም አሉ፤ አይበጅም እላለሁ። እኛ ዘንድ ንክሻን የሚያበዛው ጠባቂ ውሻን ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ፣ ልጅና እንግዳ ሳያስለምዱ ሌሊት መልቀቅ ነው። ከላይ በጠቀስኩት የአሜሪካ ጥናት ከሞት ጋር አብሮ የተገኘው መነጠል ይኸው ነው።

ጎረቤትዎን በተመለከተ ዝም አይበሉ፤ ግን እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ልጅ ቀርበው የውሻውን የክትባት ደብተር እንዲያሳዩዎት፣ ውሻውንም ለ10 ቀናት አስረው እንዲከታተሉት ይለምኗቸው። ከአሥር ቀን በኋላ ጤነኛ ከሆነ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ በመካከሉ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ከሞተ ለልጅዎ ሐኪምና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ይንገሩ፣ ሬሳውም ሳይመረመር አይቀበር። የሕክምናውን ወጪ ማንሣት ካስፈለገ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። አካባቢያችሁ ዕድርና ሽማግሌ ስላለው ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብዬ አልሰጋም።

ወደፊት ማንም ሰው ሲነከስ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የልጅዎንም የቀሩትን የክትባት ቀጠሮዎች፣ ቁስሉ ቢድንና ልጁ ኳስ መጫወት ቢጀምርም፣ አንዱንም ሳያሳልፉ ይጨርሱ።